የጥቁሩ ስኳር እጣቢ

አደጋ ላይ መሆኔን ያወቅሁት ፍርሃቴ ድንገት ሲጠፋ ነው።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ። የፖስታ ሳጥን ስከፍት ልቤ ይመታል። ልጄ እመጣለሁ ካለችበት ሰዓት ትንሽ ካለፈች መጋረጃውን ገልጬ መንገድ መንገዱን ሳይ ነው የምትደርሰው። ሀይዌይ ላይ ስወጣ ደግሞ ያለኝ ፍርሃት ሁሉ አንድ ላይ ይሰበሰባል። መሪውን በሁለት እጄ አንቄ፣ የጭነት መኪና በጎኔ ባለፈ ቁጥር "በኢየሱስ ስም" እያልኩ ነው የምነዳው። አትላንታ መኪና ከሌለ ሥራ የለም፤ ስለዚህ ተማርኩ እንጂ ወድጄ አልነበረም።

የዚያን ቀን ከምንኖርበት ከሊልበርን ወጥተን በኤይቲ-ፋይቭ ሀይዌይ ወደ ከተማ ስንወርድ፣ ሰው ከትከሻዬ ላይ ጋቢ እንደሚያነሳልኝ ሁሉ ፍርሃቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። ነጫጮቹ የመንገድ መስመሮች ከአስፋልቱ ብድግ ብድግ አሉ። ውሃ ላይ እንደ ወደቀ ፈትል ይንሳፈፋሉ። መኪኖች በግራም በቀኝም ያልፋሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። ሰማዩ ዝቅ ብሎ የመኪናችንን ጣሪያ የሚነካ መሰለኝ። እንዴት ደስ ይላል አልኩ በልቤ። መንገድ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን እስከ ዛሬ ማን ደበቀኝ?

ከዚያ ከውስጤ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ "አንቺ፣ ለምንድን ነው የማትፈሪው?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የሆነ ነገር እየሆንኩ ነው። መሪው በእኔ እጅ ነው፣ ከጎኔ ደግሞ ልጄ ተቀምጣለች።

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ግን ጠፋኝ።

ልጄ ያን ጊዜ ሚድታውን ካለ ዩኒቨርሲቲ ነበር የምትማረው። መኪናዋ ጋራዥ ስለገባ እኔ ላደርሳት ተነሳሁ። ከቤት ስንወጣ "እኔ ልንዳ፣ እማ" ብላኝ ነበር። "አንቺ አጥኚ፣ መንዳቱን ለእኔ ተዪው" አልኳት። ከሰዓት በኋላ በታሪክ ክፍሏ ፊት ቆማ የምታቀርበው ጽሑፍ ነበራት። ፕሬዘንቴሽን ይሉታል። ሳምንቱን ሙሉ በእሱ ምክንያት ምግብ ሳታላምጥ ነበር የምትውጠው።

ጽሑፏ ስለ ስኳር ነው። ከጃፓን በስተደቡብ፣ ባሕር መሀል የተበተኑ ትናንሽ ደሴቶች አሉ አለችኝ። ድሮ በባላባት ዘመን፣ የደሴቶቹ ሰዎች ሸንኮራ አገዳ ይተክላሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ያፈላሉ፣ ጥቁር ስኳር ያወጣሉ። ስኳሩ ግን የእነሱ አይደለም። ባሕር ማዶ ያለው ጌታ ነው በመርከብ የሚያስጭነው።

"ስንት ነገር እያለ ምነው ይሄን መረጥሽ?" ብላት፣

"በአንቺ ምክንያት ነዋ" አለች። "ቤታችን ውስጥ ቦስ የሆነው ስኳር ነው። ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግኩ።"

አልዋሸችም። ሐኪሙ ስኳር አለብሽ ያለኝ ጊዜ በኪኒን ጀመርኩ፤ ኪኒኑ አልበቃ ሲል መርፌ ታዘዘልኝ። የዚያን ሳምንት ልጄ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ገለበጠችው። ስኳሩ፣ ማሩ፣ ማርማላታው፣ ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኩት ብስኩት ሳይቀር በጥቁር ፌስታል ታስሮ ወጣ። ሰው ሲመጣ የሚቀርብ ትንሽ ስኳር ብቻ በቆርቆሮ አድርጋ ራሷ ክፍል፣ ጫማዎቿ መሀል ደበቀችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር በሯን አንኳኩቼ መለመን ነበረብኝ።

"ለስንት ሰው ነው?" ትላለች ከውስጥ።

"ለሁለት።"

"አንቺን ጨምሮ?"

"እኔን ሳይጨምር፣ እመቤቴ።"

እንግዶቹ ሲሄዱ የእኔን የሻይ ብርጭቆ አንስታ ታሸታለች። ስኳር ይሸታል እንዴ? "እናቴ እንኳን እንዲህ አልጠበቀችኝም" ስላት፣ "እናትሽ ስኳር ያለባት ልጅ አልነበረቻትማ" ትለኛለች። አፏ ስለታም ነው። ከእኔ ነው የወረሰችው ይላሉ የሚያውቁን።

ያን ዕለት መጾሜን ግን አልነገርኳትም። ልጄ ከባድ ነገር ሲገጥማት መጾም ልማዴ ነው። መንጃ ፈቃድ ስትፈተን ጾሜያለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ስታመለክት ጾሜያለሁ። ፓስተራችን ከመድረክ ላይ፣ "የታመማችሁ አትጹሙ፣ በጸሎት ብቻ ተባበሩን" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ታማሚ ማለት የተኛ ሰው ነው። እኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ በአረጋውያን ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ የምጎትት ሰው ነኝ። ስኳር ነው ያለብኝ እንጂ አልታመምኩም እላለሁ።

ጠዋት መርፌዬን ተወጋሁ። ነርሷ መርፌውን ስታስተምረኝ፣ በስልክ አስተርጓሚ በኩል፣ "ከተወጋሽ በኋላ ምግብ ብዪ" ብላኝ ነበር። እኔ ይህ የሚነገረው ለሚበላ ሰው ነው ብዬ ነው የወሰድኩት። መድኃኒት ምግብ አይደለም፣ ጾም አይሽርም። ጾመኛ ሆኜ መርፌዬን ባለመዝለሌ እንዲያውም ራሴን ጎበዝ ብዬ ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር በአፌ የዞረ ነገር የለም። መርፌው ሆዴ ውስጥ ባዶ ቤት ገብቶ የሚሠራው ፈልጎ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? እኔ አላውቅም ነበር።

እንዲህ ሆነን ነው መንገድ የወጣነው።

ልጄ ጭኗ ላይ ወረቀቶቿን ዘርግታለች። በወረቀቶቹ ላይ ደግሞ በወጥ ቤት ሶፍት የተጠቀለለ ጥቁር ስኳር አለ። የቡጢ ያህላል። ከእስያ ሰዎች ሱቅ ገዝታ ለክፍል ጓደኞቿ ልታሳይ ነው የያዘችው። ለእኔም ቤት ውስጥ ከሩቅ አሳይታኝ ነበር፤ የተቃጠለ አፈር ይመስላል። ሽታው ግን መኪናውን ሞልቶታል። የጭስ ሽታ አለው፣ የአገዳ ሽታ አለው፣ ከስሩ ደግሞ የሆነ የማውቀው ነገር አለ። ባዶ ሆዴ ወደዚያ ሽታ ዞሮ ተቀመጠ።

"እማ፣ ሊስን አድርጊ፣ ኦኬ?" አለች። "ፕራክቲስ ላድርግ። ለአንቺ በአማርኛ ትራንስሌት እያደረግኩ ነው የማነበው። ካልገባሽ ስቶፕ በይኝ።"

"እሺ፣ አስተማሪ።"

ጀመረች። የደሴቱ ሰዎች የራሳቸውን ምግብ የሚዘሩበት መሬት እያነሰ፣ ሸንኮራው እየሰፋ ሄደ አለች። ሩዝ ከጌታው መርከብ ይመጣል፤ በብዙ ስኳር ትንሽ ሩዝ። ሩዙ ካልመጣ ስኳር ድንች ይበላሉ። እሱም ካለቀ ዘንባባ የሚመስል ዛፍ አለ፣ ፍሬው መርዝ ነው፤ ውሃ ውስጥ ደጋግመው ዘፍዝፈው፣ መርዙን አስወጥተው ይበሉታል።

ከፊት ለፊታችን መንገዶቹ እርስ በርስ የሚደራረቡበት ትልቁ ማቋረጫ መጣ። ድልድይ በድልድይ ላይ ተጠምጥሟል። ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። ያን ቀን ግን ከላይ እየዞሩ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች በሬ መሰሉኝ። ልጄ በሬ ስለሚጎትተው መጭመቂያ እያነበበች ነበር። በሬው ይዞራል፣ እንጨቱ ይዞራል፣ አገዳው ገብቶ ይደቃል፣ ጭማቂው ይወርዳል። ይኸው እዚያ ላይ ይዞራሉ፣ አልኩ። ቀስ ብለው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማንም ሳይነዳቸው። አረንጓዴዎቹ የመንገድ ምልክቶች ነፋስ እንደነካው የአገዳ ቅጠል ይወዛወዛሉ። ከእነሱ ወዲያ ባሕሩ ይታያል። ጆርጂያ ውስጥ በዚህ በኩል ባሕር የለም። ግን አየሁት፤ ግራጫ ነው፣ ዝም ብሎ ተኝቷል።

"ጭማቂውን በትልቅ ድስት ያፈሉታል" አለች ልጄ። "ኖራ ይጨምሩበታል፣ እንዲረጋ። ያማስሉታል፣ ያማስሉታል፣ ከዛ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ላይክ ይሄ።" ጥቅሉን ነካ ነካ አደረገችው። "እና እማ፣ ይሄን ስሚ። ስኳር ደብቆ የሸጠ ይገደል ነበር። ልጆች እንኳን ጣታቸውን ከላሱ ይገረፉ ነበር። ካን ዩ ቢሊቭ ዛት? ራሳቸው እየሠሩት!"

"ድስቱንስ ማን ያጥበዋል?" አልኩ።

"የቱን ድስት?"

"የሚፈላበትን።"

ሳቀች። "እማ፣ የመጽሐፉ ሰውዬ ስለ እቃ ማጠብ አልጻፈም።"

"ይጠይቁት።"

"ማን ይጠይቀው? ሰውዬውን?" አሁንም እየሳቀች ነው። "ፕሮፌሰሬ እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ አለቀልኝ።"

እኔ ግን የምሬን ነበር። አፌ የደነዘዘ ያህል ይከብደኝ ነበር፤ ቃላቱ ግን ከሩቅ ቦታ ሆነው በራሳቸው ይመጣሉ። ስለ አባቴ መናገር ጀመርኩ። ለልጄ ነግሬያት የማላውቀውን ነው።

አባቴ ጭሰኛ ነበር። አገራችን ጫካ ነው፣ የባላባቱ ግብር ደግሞ ማር። አባቴ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላል፤ ማር በሚቆረጥበት ወራት በጭስ ታፍኖ፣ ፊቱ አብጦ ይወርዳል። ማሩ ቤት ሲገባ የባላባቱ ግብር ሰብሳቢ፣ ጭቃ ሹሙ፣ ቀድሞ ደርሶ፣ በርጩማ ስቦ በሩ ላይ ይቀመጣል። ማሩ በትልቅ የእንጨት ገበታ ላይ ይፈሳል፣ ከገበታው ወደ ትልቁ የማር ማሰሮ፣ ወደ ጉንዶው ይገለበጣል፣ የጉንዶው አፍ ይታሸጋል። እኛ ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈን፣ እጃችንን ሁሉም እንዲያየው ጉልበታችን ላይ አድርገን እንቀመጣለን። ጭቃ ሹሙ ጉንዶውን አያይም ነበር፤ የሚያየው የእኛን እጅ ነው።

"ሲሄድስ?" አለች ልጄ። ሳቋ ቆሟል። ወረቀቷን ማንበብ ትታ እኔን ታየኛለች።

"ሲሄድማ እናቴ ለብ ያለ ውሃ ገበታው ላይ ታፈሳለች። እንዲህ... እንዲህ እያዞረች ታጥበዋለች። ከዚያ በቅል ትቀዳልናለች።"

"እና ትጠጣላችሁ?"

"እጣቢ ነዋ። 'ግብሩ ማር ነው፣ ውሃ አይደለም፤ እጣቢ አይቆጠርም' ትላለች እናቴ።"

"ዋው። ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም፣ እማ።"

እኔ ግን እናቴን እያየኋት ነበር። ከመንገዱ ጠርዝ፣ ከኮንክሪቱ ግንብ ጎን ቆማለች። ገበታውን በሁለት እጇ ይዛ ታዞረዋለች፤ ውሃው ውስጥ የፀሐይ ብርሃን አብሮ ይዞራል። ከኋላዋ የደሴቱ ሴቶች አሉ፤ ድስታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ቋንቋቸውን አላውቀውም፤ ግን ወረፋ እየጠበቁ እንደሆነ ገብቶኛል። ወደ እነሱ መሄድ ፈለግሁ። በጣም ቅርብ ናቸው። ትንሽ ብቻ ወደ ቀኝ።

"እማ? ኤግዚታችንን አለፍሽው።"

"እህ።"

"እማ! ሌይንሽን ያዢ! ምን እያደረግሽ ነው?"

የከባድ መኪና ጥሩንባ ጮኸ። ረዥም ነበር። ከጩኸቱ ስር የልጄን ድምፅ ሰማሁ፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ቅዠት ሲያስነሳት የምትጮኸው ጩኸት ነው። ያ ድምፅ ባሕሩን ሰነጠቀው። ለአንድ አፍታ አስፋልቱን አየሁ፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ሲከንፍ። ፍርሃቴ እንዲመለስ ፈለግሁ። አልመጣም።

ልጄ መሪውን ያዘች። እጇ በእጄ ላይ ነው፣ እጄ የሌላ ሰው ይመስላል።

"እግርሽን ከጋዙ ላይ አንሺ። እማዬ፣ እግርሽን ብቻ አንሺ። በቃ። በቃ፣ እንዲሁ።"

አጭር ነገር ስለሆነ ሰማኋት። እግሬን አነሳሁ። መኪናው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ልጄ በግራ እጇ እየመራችው ከመንገዱ ዳር፣ ከግንቡ አጠገብ ቆመ። ማርሹን ፓርክ አደረገችው። የሃዛርዱን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ተጫነች፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ጭማቂ ከመጭመቂያው ስር ሲንጠባጠብ መሰለኝ።

ፊቴን በእጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። በላብ ተነክሬ ነበር።

"ምን በላሽ ዛሬ? እማ፣ እዪኝ። ምን በላሽ?"

ስንት ዓመት ልጄ ሆና ኖራ፣ ያን ጊዜ አላወቅኋትም። በር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው የጠየቀኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፣ ሁሉም እንዲያየው።

"ምንም" አልኩ። "ምንም አልላስኩም።"

"ኦ ማይ ጋድ" አለች ልጄ። ገባት። መርፌዬ፣ ጾሜ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት። በአንድ እጇ ስልኳን አውጥታ አምቡላንስ ጠራች፤ በሌላው ሶፍቱን ቀደደችው። ቤታችን ውስጥ አንዲት ቅንጣት ስኳር እንዳይደርስብኝ የጠበቀችኝ ልጅ፣ ያን ሁሉ ሳምንት የተጨነቀችበትን ጥቁር ስኳር በመኪናው ብረት ላይ መትታ ሰበረችው። ስባሪውን ከንፈሬ ላይ አደረገችው።

አፌን ገጠምኩ።

"ላሺው፣ እማ። ፕሊስ።"

ጥርሴን ነከስኩ። ሽታው አፍንጫዬ ስር ነው፣ መላ ሰውነቴ ይለምነኛል። ግን እንዴት እልሳለሁ? ያዩኛል። አባቴ እዚያ ፊቱ አብጦ ቆሟል። እኔ ብልስ እሱ ነው የሚጠየቀው። ራሴን ወዲያና ወዲህ አወዛወዝኩ። ስባሪው አገጬ ላይ ወደቀ።

"እማዬ፣ ፕሊስ፣ ፕሊስ፣ እኔ ነኝ።" ታለቅሳለች። "ትሞቻለሽ። እማዬ፣ ላሺው!"

"ጭቃ ሹሙ አለ" አልኳት፣ በሹክሹክታ።

ጉልበቴ ላይ የተዘረጋውን እጄን አየች። የሃዛርዱ መብራት ጧ ጧ ይላል። መኪኖች ሲያልፉ መኪናችን በነፋሳቸው ይናወጣል፣ ጀልባ ላይ ያለን ይመስል።

ልጄ ከመቀመጫዋ ስር የውሃ ጠርሙሷን አነሳች። ግማሽ ነበር። የስኳሩን ስባሪ በጣቶቿ እያደቀቀች ከተተችበት፤ ገሚሱ በወረቀቶቿ ላይ ፈሰሰ። ክዳኑን ገጥማ ናጠችው። እንደ እናቴ አዞረችው፣ እንዲህ፣ እንዲህ። ውሃው እየጠቆረ ሲሄድ አየሁት። ፀሐይ ገብቶበት ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ወርቅ።

"እዪ" አለችኝ። ድምፅዋ አሁን ረጋ ብሏል። እንዴት እንዳረጋችው አላውቅም። "ጭቃ ሹሙ ሄዷል። ጉንዶውን ተቀብሎ ሄዷል። ድስቱን አጥቤዋለሁ። እጣቢ ነው፣ እማዬ።"

"እጣቢ?"

"እጣቢ። አይቆጠርም።"

አየኋት። ፊቷ ይርቃል፣ ይቀርባል። አንዴ እናቴ ናት፣ አንዴ የማላውቃት የደሴት ሴት ናት፣ አንዴ ልጄ።

አፌን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ጣዕሙን አላወቅሁትም፤ ርጥበቱን ብቻ ነው። ትንሽ በትንሽ ሰጠችኝ፤ አገጬን በመዳፏ ደግፋ፣ "ዋጪው፣ እሺ፣ ትንሽ ደግሞ" እያለች። ከዚያ ጣዕሙ መጣ። ጭስ፣ አገዳ፣ ከስሩ ደግሞ ያ የማውቀው ነገር፤ የገበታው እንጨት፣ ለብ ያለው ውሃ። ሁሉም የደሴቱ ሴቶች ድስታቸውን ደፍተው ወደ ባሕሩ ሲሄዱ አየሁ። ባሕሩ እየሳሳ ሄደ፤ በስተመጨረሻ የኮንክሪት ግንብ ብቻ ቀረ፣ አንድ የፈነዳ ጎማ ስሩ ወድቆ።

ቀስ በቀስ ድምፅ ተመለሰ። መንገዱ እንደዚያ የሚጮህ መሆኑን እንዴት ረሳሁት? መኪና በጎናችን ሽው ባለ ቁጥር ገላዬ ይሸማቀቅ ጀመር። ጣቴን አንቀሳቀስኩ፤ የእኔ ናት። የልጄን ፊት አየሁ፤ ጉንጯ ላይ ጥቁር ስኳር ተለጥፏል፣ እንባ አቅልጦት መስመር ሠርቷል።

"ምነው፣ ፊትሽ ምን ሆነ?" አልኳት።

እየሳቀች አለቀሰች። ወይም እያለቀሰች ሳቀች።

አምቡላንሱ መጣ። ጣቴን ወግተው ለኩኝ። ስኳሬ ከመጠን በላይ ወርዶ ነበር፣ አሁን እየወጣ ነው አሉ፤ ጠርሙሱን አይተው ምን እንደሆነ ሲጠይቋት ልጄ በእንግሊዝኛ ስትመልስ፣ እጣቢ የሚለውን ቃል ግን በአማርኛ ነበር የተናገረችው። ብስኩት ሰጡኝ። እዚያው የመንገዱ ዳር፣ በአምቡላንሱ በር ላይ እግሬን አንጠልጥዬ፣ ልጄ ቆማ እያየችኝ፣ ብስኩቱን በላሁ። ደጋግመው ለኩኝ። ሆስፒታል እንውሰድሽ አሉኝ፤ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ አሻፈረኝ አልኩ፣ ልጄም አብራኝ እንደምትውል ቃል ገባችላቸው።

ከዚያ መሪው ላይ እሷ ተቀመጠች። ቀበቶዬን ራሷ አሰረችልኝ።

"ጾመሽ ነበር" አለች።

"ለአንቺ ብዬ ነው እኮ።"

"ለእኔ ከሆነ ብዪልኝ።"

ከዚያ ወዲህ ለእሷ ስጸልይ ቁርሴን በልቼ ነው።

"አሁን ወደ ቤት እንመለስ" አለች። "ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል አደርግለታለሁ።"

"የለም! ትሄጃለሽ። አንቺ እዚያ ቆመሽ ካልተናገርሽ እኔ ዛሬ የተንከራተትኩት በከንቱ ነው።"

ዘግይተን ደረስን። ብቻዬን መኪና ውስጥ ልትተወኝ ስላልፈለገች እጄን ይዛ ክፍሉ ውስጥ አስገባችኝ፤ ኋላ ተቀመጥኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ከዚያ እጄን አየሁትና ከጉልበቴ ላይ አነሳሁት። ልጄ የተጨማደደና በስኳር የቆሸሸ ወረቀቷን ይዛ ፊት ቆመች። የምታሳያቸው ጥቁር ስኳር አልነበራትም። ጠርሙሱን ብቻ ከፍ አደረገችው፤ ከስሩ ጥቂት ጥቁር አተላ ቀርቷል። የተናገረችው ሁሉ አልገባኝም፤ እንግሊዝኛዋ ፈጣን ነው። አንድ ጊዜ ግን ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ስንወጣ፣ "ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"ድስቱን ማን ያጥብ እንደነበር የትም ተጽፎ አላገኘሁም አልኳቸው። ግን የሆነ ሰው አጥቦታል አልኳቸው።"

"ከዚያስ?"

"ፕሮፌሰሩ ጉድ ክዌስችን አለ። የማነው ጥያቄው አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"እዛ ጋ ተቀምጣለች፣ ብስኩት እየበላች አልኩት።"

"አንቺ ባለጌ!" ብዬ ክንዷን መታኋት። ከአምቡላንሱ የተረፈኝን ብስኩት እውነትም እየበላሁ ነበር።

ወደ ሊልበርን ስንመለስ እሷ ነዳች። ፀሐይ እየወረደች ነበር። ዛፎቹ፣ ምልክቶቹ፣ የቤቶቹ ጣሪያ፣ ሁሉም ቀለም ቀብተውት ገና ያልደረቀ ይመስላል። ገና ሙሉ በሙሉ አልነቃሁም ይሆናል። ዓይኔን ጨፍኜ የባሕሩን ድምፅ ፈለግሁ። የሰማሁት የጎማ ድምፅ ነው። ወደ ትልቁ ማቋረጫ ተቃረብን፤ ድልድዮቹ መንገድ ተሸክመው ቆመዋል እንጂ በሬም አልነበራቸው፣ መጭመቂያም አልነበራቸው።

ያኔ አንድ የጭነት መኪና በጎናችን ሲያልፍ መኪናችን ተናወጠ። የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ።

"በኢየሱስ ስም!" ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች።

"ዌልካም ባክ፣ እማ" አለችኝ።

ሰፈራችን ስንገባ ቀስ አለች። መኪናውን በራችን ላይ አቁማ ቁልፉን ነቀለች። ሞተሩ ዝም ሲል እግሬን አውጥቼ መሬት ረገጥኩ። መሬቱ አልተንሳፈፈም። ልጄ በዚያ በኩል ወርዳ ባዶውን ጠርሙስ ይዛ መጣች።

"ደህና ነሽ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ" አልኳት። "ቤታችን ደርሰናል። ሁለታችንም ደህና ነን።"